የመጀመሪያው አምስት መቶ ፊደል

ነገሌ ቦረና
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቃለአብ ወልደሚካኤል
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። እናትህ ደህና ናት። ሳቢርና ጠይባ ደህና ናቸው። የጓሮው ፓፓያ ደህና ነው፤ ያ አንካሳው ፍየላችንም ደህና ነው። ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን።

«ሰላምታዎን ትንሽ ቢያሳጥሩትስ?» ላልከኝ መልሱ ከላይ ያለው ነው። አላሳጥርም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ደብዳቤ አጻጻፍ ሳስተምር ኖሬ፣ በጡረታዬ ያለ ሰላምታ ሰው ቤት ዘው እንድል ትፈልጋለህ? አንተን ራስህን በዚሁ ጉዳይ ከአሥር ስድስት ሰጥቼሃለሁ። አንተ ረስተኸው ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁትም።

ስልክ ከእንግዲህ ለእኔ ጌጥ ነው፤ ጆሮዬ ሥሩ ገብተው ካልጮኹበት ዘግቷል። እናትህ ስታናግረኝ አፏን አይቼ ግማሹን እገምታለሁ፤ ሌላው ሰው ሲያወራ ግን ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የማየው። ስለዚህ እንደለመድኩት ሳቢር ሱቅ እመጣለሁ፤ በዘይት ጀሪካኑና በሳሙና ካርቶኑ መካከል ባለችው ኮምፒውተር በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ እጽፍልሃለሁ። ሚስቱ ጠይባ ተማሪዬ ስለነበረች ወንበሩን ትለቅልኛለች። ወረፋ የሚጠብቁት ያጉረመርማሉ አሉ። እኔ አልሰማቸውም፤ መደንቆር ይህን ያህል ጥቅም አለው።

«ኤጀንት»ን በአማርኛ ምን ልበለው ብለህ ለጠየቅከኝ፣ በሰው ስም ሆኖ የሚሠራ ከሆነ «ወኪል» በለው። ማሽንም ቢሆን ወኪል ነው። ነገር ግን ወኪል የወከለውን ሰው ያህል ካልተጠነቀቀ ምኑን ወኪል ሆነ? ይህንንም መመሪያህ ላይ ጻፍልኝ።

የደብዳቤን አናቱን ብቻ አንብቦ ስለምን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል ወይ ላልከው ደግሞ፣ ዱብሉቅ ሳስተምር ያየሁትን ልንገርህ። ኤላው፣ ማለት የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ፣ ከብት ውሃ በሚጠጣበት፣ ሁለት ሽማግሌዎች ተገናኙ። አንዱ «ናጋ?» ይላል፤ ሌላው «ናጋ» ይላል። ከብቱ ናጋ? ናጋ። ልጆቹ ናጋ? ናጋ። ዝናቡ ናጋ? ናጋ። ሰላም ያልሆነ ነገር በዓለም ላይ አልተገኘም። ከዚያ ተቀመጡ፤ ወተት ጠጡ። ሰውዬው ወንድሙን ባለፈው ሳምንት እንደቀበረ የተናገረው ወተቱን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ ከሰላምታው መሃል ተነሥቼ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሰው ምንም አልጎደለበትም ብዬ እምል ነበር። እኛም ከዚያ ብዙ አንለይም፤ ክፉ ወሬ የምናስቀምጠው ከታች ነው።

እናትህ አንድ መስመር ያልጨመረችው ወደዚህ ስመጣ ተኝታ ስለነበረ ነው። በቀን መተኛት ለምዳለች። ዕድሜ ነው፤ አታስብ።

አባትህ
ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ
ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመምህር ወልደሚካኤል

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። (አጭር ናት፤ ግን አለች። ከአሥር ሰባት ይስጡኝ።)

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው? ለጎረቤት የምነግረው አጣሁ» ስላሉኝ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ፈንታ ሥራ ይሠራል፤ ያ ነው ወኪሉ። ወኪሉ የሰውን የኢሜይል ሳጥን ከፍቶ የሚያነብበት መሣሪያ ተሠርቷል። መሣሪያውን የሠሩት ሌሎች ናቸው። እኔ የምጽፈው የመሣሪያውን መመሪያ ነው፤ በአማርኛ። መመሪያውን የሚያነበውም ራሱ ወኪሉ ነው። እኔ «ይህን አድርግ» ካልኩት ያደርጋል፤ «ይህ ይበቃሃል» ካልኩት ይበቃዋል። አባባ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ሳይከራከር የሚቀበል አንባቢ አግኝቻለሁ፤ እርስዎ ቤት ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

እስቲ ይቺን ይረሙልኝ፤ የመመሪያው ዋና ክፍል ናት።

«መሣሪያው ያልተነበቡ መልእክቶችን ያመጣል። ከእያንዳንዱ መልእክት የላኪውን ስም፣ ርእሱን፣ ቀኑንና የመጀመሪያውን አምስት መቶ ፊደል ይሰጣል። መልእክቱ ስለምን እንደሆነ ለማወቅ ይህ በቂ ነው። ሙሉው ካስፈለገ ተለይቶ ይጠየቃል። አንዴ የመጣ መልእክት እንደተነበበ ተቆጥሮ ከሳጥኑ ይነሣል።»

የዱብሉቁን ታሪክ ለአለቃዬ ለበዛብሽ ነገርኳት፤ በጣም ሳቀች። ግን የቢሮ ኢሜይል እንደዚያ አይደለም አባባ፤ ሰው ጉዳዩን ከላይ ነው የሚጽፈው። ደግሞም ወኪሉ ሁሉን ነገር እስከ ታች ቢያነብ በጣም ይዘገያል።

መሣሪያውን የምሞክርበት የአማርኛ ደብዳቤ ስላጣሁ የራሴን ሳጥን አገናኝቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ወኪሉ የመጣልኝን ሁሉ በሁለት በሁለት መስመር አሳጥሮ ያቀርብልኛል። እርስዎም ርእሱ ላይ ሁልጊዜ «ደብዳቤ» ብቻ ብለው ስለሚጽፉ በደንብ ያውቅዎታል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። መመሪያው ውስጥ ለምሳሌ የሚሆን ሥርዓት ያለው የአማርኛ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ እንደሚጽፉት ያለ ናሙና አንድ ይላኩልኝ። መመሪያው ለጥር መጀመሪያ ማለቅ አለበት። ካማረልኝ በዛብሽ ቋሚ ታደርገኛለች፤ ካላማረ ሁለት ዓመት እንደ ኮንትራት ሠራተኛ የለፋሁት ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ስለ ገና እርግጠኛ ያልሆንኩት። ካልሆነልኝ ለጥምቀት እመጣለሁ።

የእማዬ ስልክ ለምን አይነሣም? ደግሞ አብሮ አደጌ ወንዶሰን አባትና እናትህን አዋሳ ሆስፒታል በር ላይ አየኋቸው አለኝ። ማን ታሞ ነው?

ልጅዎ
ቃለአብ


ነገሌ ቦረና
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቃለአብ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ነፋሱ አቧራ ያነሣል እንጂ አገሩ ደህና ነው።

አዋሳ የሄድነው ለጆሮዬ ነው። ሐኪሙ ብርሃን እያበራ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ በቃ። እናትህ እኔን ልትደግፍ ነው አብራኝ የሄደችው። ወንዶሰን ያየኝ እሷን ደግፌ ስሄድ ከሆነ ደረጃው ላይ ደክሟት ይሆናል። ስልኳ ውሃ ገብቶበት ሳቢር ዘንድ ነው፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል ብሏል።

መመሪያህን በወረቀት አሳትሜ በቀይ አረምኩት። ቋንቋው ንጹሕ ነው፤ አልዋሽም፣ ኮራሁ። «በቂ ነው» የምትለዋን ግን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ለማን ነው በቂ የሆነው? ለላኪው ነው? እሱን ጠይቀኸዋል? ይህን ብቻ አስተካክል። የሚዘገይ ከሆነ ይዘግይ፤ ወኪልህ ጉሮሮው አይደርቅበት፣ ዓይኑ አያለቅስበት፣ ምን ይሆናል እስከ ታች ቢያነብ?

ደብዳቤዬን ከአንተ በፊት ማሽን እንደሚያየው ስሰማ ትንሽ ከበደኝ። ግድ የለም። ሥራህ ከሆነ ያንብብ።

ናሙናውን እልክልሃለሁ። ሰሞኑን እጄ አልፈታ ብሎኝ ነው።

ከሊበን ወተት የምታመጣልን ዲንኪቱ ጠዋት ጠዋት እናትህ አጠገብ ትቀመጣለች። ትናንት አፏን ከፍ አድርጋ፣ እንዲገባኝ ቀስ ብላ «ባርሲሳ፣ ኢልሚ ኬሰን ዮም ዱፋ?» አለችኝ፤ መምህር፣ ልጅዎ መቼ ይመጣል ማለቷ ነው። ምን ልበላት? እናትህ «ሥራውን እንዳታስፈታው» ትላለች። እኔ ግን ለገና ብትመጣ ጥሩ ነው እላለሁ። ከቻልክ ማለቴ ነው። ቻል።

አባትህ
ወልደሚካኤል


ነገሌ ቦረና
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቃለአብ ወልደሚካኤል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሥራህ እንደምን ነው? አለቆችህ፣ ባልደረቦችህ፣ ጎረቤቶችህ፣ እዚያ ያሉት የነገሌ ልጆች ሁሉ እንደምን አሉ? እኛ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ሰማዩ ደህና ነው፤ የሐጋያው ዝናብ ዘንድሮ ትንሽ ቢዘገይም መጥቶ ሄዷል። ሣሩ ደህና ነው፤ ከሊበን የሚመጣው ወተት አልተቋረጠም። ዲንኪቱ ናጋ ናት፤ ስምህን ጠርታ ሰላም ብላሃለች። ሳቢርና ጠይባ ከነልጆቻቸው ደህና ናቸው፤ ሱቁም ደህና ነው። መምህር አዳነ ደህና ነው፤ ጉልበቱን ያመው የነበረው ተሽሎት ከዘራውን ጥሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ደህና ነው፤ አዲሱ ቆርቆሮ ተመቶለታል። የጓሮው ፓፓያ ደህና ነው፤ ፍሬውን መሸከም አቅቶታል። ያ አንካሳው ፍየላችን እንኳ ደህና ነው፤ ትናንት አጥር ዘልሎ የሰው ጎመን በልቶ ተመለሰ።

እንግዲህ ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ። ይህን ሁሉ ያስረዘምኩት ወደሚቀጥለው መስመር ላለመድረስ ነው።

ልጄ፣ እናትህ ታማለች።

ዛሬ ጣቴ እምቢ ስላለኝ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልህ ጠይባ ናት፤ አፈር ስሆን አትደንግጥ። ሕመሙ ከሐምሌ ጀምሮ ነው። ሆዷ ውስጥ ነው። አዋሳ የሄድነው ለጆሮዬ አልነበረም፤ ለእሷ ነበር። ሐኪሞቹ ጊዜው አልፏል፣ ወደ ቤቷ ውሰዷትና የምትወደውን ስጧት አሉን። ስልኳም አልተበላሸም። ድምፄን ከሰማ ያውቅብኛል ብላ ለጠይባ ሰጥታት ነው። በአንተ ስም አስምላኝ ነበር፤ «ሥራው ቋሚ እስኪሆን አንዲት ቃል እንዳትነግረው፣ ከነገርከው በቁሜ አዝንብሃለሁ» ብላ። ስለዚህ ዝም አልኩ። አንተ ስለ ገና እርግጠኛ አይደለሁም ብለህ ስትጽፍልኝም ዝም አልኩ።

ትናንት ጠዋት ግን ራሷ «ልጄን ጥራልኝ» አለች። ስልክ እንዳንደውልልህ ግን ከለከለችን፤ «በስልክ ሲሰማ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ይሆንብኛል፤ ቀስ አድርገህ ጻፍለት፤ አንተ መጻፍ ታውቃለህ» አለችኝ። መጻፍ አውቃለሁ? ይኸው።

ይህን እንዳየህ ተነሣ። ጥምቀትን አትጠብቅ። መመሪያው ይቆይ፤ በዛብሽም እናት አላት። እናትህ አልጋዋን ወደ በሩ እንድናዞርላት አድርጋለች። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ዓይኗ ይሄዳል። እኔ መኪና ማለፉን የማውቀው ፊቷን አይቼ ነው።

ናሙናውን ሌላ ጊዜ እልክልሃለሁ። አሁን ና።

አባትህ
ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ

እንደምን ሰነበቱ? እንኳን አደረሰዎ! መልካም ገና!

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። እንዴት ያለ ደብዳቤ ነው! እንዲህ ያለውን ከየትም አላገኝም ነበር። መመሪያው ገጽ አራት ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ለምሳሌነት ከዚህ የተሻለ የለም። በዛብሽ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ጮክ ብላ ለሁላችንም አነበበችው። «ከአንተ ናፍቆት በቀር» የምትለው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አንካሳው ፍየል ላይ ስትደርስ ቢሮው በሙሉ ሳቀ። «አባትህ ደራሲ ናቸው» አለችኝ። ስላልቀጠረችዎ ቆጭቷታል።

ደስ የሚለው ወሬ ደግሞ ይኸው፤ መመሪያው ተቀባይነት አገኘ። ከጥር ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ሥራው አሁን ስለጨመረ ጥምቀትም አይሆንልኝም። ለፋሲካ ረዘም ያለ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ። እማዬን ይሳሙልኝና ይህን ይንገሩልኝ፤ ትረዳኛለች፤ ከማንም በላይ ይህን ሥራ የምትመኝልኝ እሷ ናት።

ልጅዎ
ቃለአብ


ነገሌ
ጥር 4 ቀን 2017

ለቃለአብ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለእናትህ አንብቤላታለሁ፤ ደስ ብሏታል። ሥራህ ይቅናህ። መልስ አያስፈልገውም።

ወልደሚካኤል


አዲስ አበባ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ

እንደምን ሰነበቱ ማለት ይከብደኛል፤ ግን እርስዎ ያለ ሰላምታ አይጀመርም ብለው ነው ያሳደጉኝ። እንደምን ሰነበቱ?

አሥራ ሁለት ቀን አጠገብዎ ተቀምጬ ያልነገርኩዎትን ልጽፍልዎ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሳሉ ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር። ምን እንደሚጠይቁኝ አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ግን እንዲሰሙኝ መጮህ ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ በእርስዎ ጆሮ ሥር፣ «ደብዳቤዎን አላነበብኩትም» ብዬ መጮህ አቃተኝ። በወረቀት ጽፌ እንዳልሰጥዎም ፈራሁ፤ ሲያነቡት ፊትዎን ማየት አልቻልኩም። ፈሪ ነኝ አባባ።

ጥር 10 ቀን ማለዳ፣ ሌሊቱን ከአዋሳ የመጣው ወንዶሰንና እዚህ ያሉ ሁለት የነገሌ ሽማግሌዎች ሲመጡብኝ፣ ሦስት ሆነው በሬ ላይ ሲቆሙ፣ ሳይናገሩ ገባኝ። ግን የገባኝ መሞቷ ብቻ ነበር። ድንገት የሞተች መስሎኝ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። በቀብሩ ማግስት ደረስኩ። ሰዎች ሲርቁኝ፣ መምህር አዳነ እጄን ሳይጨብጠኝ ሲያልፍ፣ ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት።

በአራተኛው ቀን ጠይባ ጠራችኝ። «ቃሌ፣ እኔ በገዛ እጄ ጽፌ የላክሁልህን አንብበህ እንዴት አስቻለህ?» አለችኝ። «የቱን?» አልኳት። የምቀልድባት መሰላት፤ ፊቷ ተለወጠ። ይዛኝ ሱቅ ገባችና ኮምፒውተሩን ከፍታ አሳየችኝ። ቆሜ አነበብኩት። ከ«ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃ» በታች ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እማዬ ከተቀበረች በኋላ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ያን ጠዋት ወኪሉ እንዲህ ብሎ አቀረበልኝ፤ «ከአባትህ። ርእስ፦ ደብዳቤ። ሰላምታ ነው። ሁሉም ደህና ናቸው። ካንተ የሚጠበቅ ነገር የለም።» የለመንኩዎት ናሙና መሰለኝ። ሰሌዳው ላይ እንደሚጽፉት ያለ ነበርና። ደስ አለኝ። ሙሉውን ሳልከፍት «ገጽ አራት ላይ አስገባው» አልኩት፤ ያስገባውም ያንኑ የላይኛውን ነው። መልእክቱ እንደተነበበ ተቆጥሮ ተነሣ። አምስት መቶው ፊደል የሚያልቀው አንካሳው ፍየል ላይ ነው። ቆጠርኩት።

ወኪሉ አልዋሸም አባባ። ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። «በቂ ነው» አልኩት፤ በቃው። እርስዎ በቀይ አስምረውበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ። እኔ አልሰረዝኩትም፤ ለበዛብሽ የገባው እንዳለ ነው። የዱብሉቁን ሰውዬ ታሪክ ነግረውኝ ሳቅሁበት።

የጥር አራቷን ደብዳቤዎን ግን ወኪሉ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ፤ አጭር ስለነበረች። ሰላምታ የሌላት የመጀመሪያዋ ደብዳቤዎ ነበረች። እኔ ያየሁት ግን «ደስ ብሏታል» የምትለውን ብቻ ነው።

ገጹን አስነሣለሁ። ከፈለጉ ሥራውንም እተዋለሁ። የሚያዝዙኝን አደርጋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እኔ የጻፍኩት «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብዬ ነው። እሷ በሯን እያየች ያን ሰምታ እንዴት ደስ አላት? ደስ ብሏታል ብለው የጻፉልኝ ከልብዎ ነው ወይስ እየቀጡኝ ነበር? ይህ ጥያቄ እህል አያስበላኝም።

በደለኛው ልጅዎ
ቃለአብ


ነገሌ ቦረና
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

የእናትህ አርባ ማክሰኞ የካቲት 18 ቀን ነው። ና። ይህን ከላይ ያደረግኩት ለወኪልህ ብዬ ነው። የቀረው ለአንተ ነው፤ ራስህ አንብበው።

ደብዳቤህን ሳቢር ሱቅ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ጠይባም ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ከዚያ እሷ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ወጥቼ በዚያ ፀሐይ እስከ ቤት ድረስ ሄድኩ። አላነበበውም ብዬ ለመናደድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሳያነበው ነው እንጂ ጨክኖ አይደለም ብዬ ልጽናናም ሞከርኩ፤ እሱም አልሆነልኝም።

የታኅሣሥ ሠላሳው ደብዳቤህ ሲመጣ ጠይባ «ልጁ ያነበበው አይመስለኝም፤ ልደውልለት» ብላኝ ነበር። ይህን አልነገረችህም፤ እኔ እንዳልዋረድ ብላ ነው። ከለከልኳት። መጽሐፍ ላይ አስገባሁት ያለ ሰው እንዴት አላነበበም ይባላል? ብዬ አሳመንኳት። በልቤ ግን እኔም ጠርጥሬ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ወረቀት ያረመ ሰው፣ ያልተነበበ ነገር ላይ የተጻፈ መልስ ሲያይ ያውቃል። ግን ተቀይሜህ ነበር። የእናትህን ሕመም ቢሮ ሙሉ ሰው ሳቀበት ያልከኝ መስሎ ተሰማኝና ደሜ ፈላ። አንዲት ስልክ ነበረች የምታስፈልገው። ስለዚህ በደሉን ለብቻህ አትሸከመው፤ ግማሹ የእኔ ነው።

ለጥያቄህ መልሱ ይኸው። ደስ ብሏታል ያልኩህ እውነት ነው። ያነበብኩላት ግን አንተ የጻፍከውን አይደለም።

ያን ደብዳቤህን በወረቀት አሳትሜ ይዤ ስገባ እናትህ ቀና አለች፤ «ምን አለ?» አለችኝ። «ለፋሲካ» ማለት አልቻልኩም። መነጽሬን አደረግኩና «ተነሥቻለሁ፣ ነገ አዋሳ አድራለሁ ይላል» ብዬ አነበብኩላት። ፈገግ አለች። በማግስቱ ያችኑ ወረቀት ይዤ ገባሁ፤ አዋሳ ደርሰሃል፣ ወንዶሰን ይዞሃል። በሦስተኛው ቀን አዶላ ላይ መኪናው ተበላሸ። በአራተኛው ዕቃ እየተጠበቀ ነው። አንድ ወረቀት ነበረች፣ ያቺው ቢሮው በፍየሉ ሳቀ ያልክባት፤ ጫፏ በእጄ ላብ ተበላ። እናትህ «መኪናው ጥሩ አይደለም፣ ሌላ ይያዝ» እያለች መከረችህ። እኔም «እሺ ብሏል» አልኳት።

ጥር 8 ቀን «ገናሌ ድልድይ ላይ ደርሷል» አልኳት። ከዚያ በላይ ላቆይህ አልቻልኩም፤ እሷም መንገዱን ታውቀዋለች። ያን ጊዜ ጠይባን «ፀጉሬን አበጥሪልኝ» አለቻት። ዲንኪቱ የአንተን ወተት ለይታ እንድታስቀምጥ አዘዘቻት፤ ለሁለት ቀን ሳይነካ ተቀምጦ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪና አለፈ፤ ፊቷ ወደ በሩ ሲዞር አየሁ። «መጣ?» አለች። «መጣ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም።

አንተ የተጻፈውን አላነበብክም፤ እኔ ያልተጻፈውን አነበብኩ። እንግዲህ ሁለታችንም ለንስሐ አባታችን የምንነግረው አለን።

ሥራህን አትተው። እሷ ያን ሥራ ተመኝታልህ አንተን ሳታይ ሞታለች፤ ከዚያ በላይ ምን ይከፈልበታል? «በቂ ነው» የምትለዋን ግን ዛሬውኑ ሰርዛት። ገጽ አራትንም አታስነሣው። ሰላምታዬ እዚያው ይቀመጥ። የቀረውን አታስገባ፤ እሱ የእናትህ ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ብቻ ጨምርልኝ፦ «ይህ ደብዳቤ እዚህ አያልቅም።»

ስትመጣ ገናሌ ድልድይ ላይ መኪናውን አስቁመህ ትንሽ ቁም። እሷ የምታውቅህ እዚያ ላይ ነው።

ሰላምታዬን ዛሬ ከታች አድርጌዋለሁ። ለጤናህ እንደምን ነህ ልጄ? አገሩ ደህና ነው። ፓፓያው ደህና ነው፤ ፍየሉም ደህና ነው። እኔ ደህና አይደለሁም።

አባትህ
ወልደሚካኤል